194,313፦ ስለ ዐቢይ ቀመር ቀናት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ይህን ቁጥር በሰሌዳው ጥግ ጽፌ ካኖርኩት ወዲህ ተማሪዎች፣ ወላጆችና የቆሎ ተማሪዎች ደጋግመው የጠየቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ።

194,313 ምንድን ነው? ከየት የመጣ ቁጥር ነው?

በ532 ዓመት ውስጥ ያሉት ቀናት ብዛት ነው። 532 ዓመት በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ዐቢይ ቀመር ይባላል፤ በዓላትና አጽዋማት ዕለታቸውንም ቀናቸውንም ጠብቀው ወደ መነሻቸው የሚመለሱበት ትልቁ ዙር ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ባሕረ ሐሳብን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት የድሜጥሮስ ድርሰት ያደርገዋል። ብዙ ሰው ስሌቱን ሲሰማ የሚያስበው በዓል ማውጫ መሆኑን ብቻ ነው፤ እኔ ግን የምወደው ሒሳቡን ነው።

ቀናቱን ለመቁጠር ኮምፒውተር አያስፈልግም። በ532 ዓመት ውስጥ ባለ 30 ቀን ወራት 6,384 ናቸው፤ 191,520 ቀን ይሆናሉ። በየዓመቱ አምስት አምስት የጳጉሜን ቀን ሲታሰብ 2,660 ይመጣል። በየአራት ዓመቱ ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ሲፈጸም ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ ይህ በ532 ዓመት ውስጥ 133 ጊዜ ይደርሳል። ሦስቱ ሲደመሩ 194,313 ናቸው። ያችን 133 ረስቶ 194,180 ላይ የሚቆም ተማሪ አጥቼ አላውቅም።

በግእዝ አኃዝ እንዴት ይጻፋል?

፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ነው። ዘዴው ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አኃዝ እያደረጉ መቁረጥ ነው፦ 19፣ 43፣ 13። ከመጀመሪያው ጥንድ በኋላ ፼ (እልፍ፣ ማለትም 10,000)፣ ከሁለተኛው በኋላ ፻ (መቶ) ይገባል። ስለዚህ ንባቡ አሥራ ዘጠኝ እልፍ ከአርባ ሦስት መቶ ከአሥራ ሦስት ይሆናል። ዛሬ በየባንኩ የምናነበው ሦስት ሦስት አኃዝ ቆርጠን ነው፤ አንድ መቶ ዘጠና አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት እንላለን። ቁጥሩ ያው ነው፤ የተለየው ማረፊያው ነው። ዜሮ የሌለው አጻጻፍ በዚህ ቁጥር ላይ ችግር አይፈጥርም፤ ዜሮ አኃዝ አልገባበትምና።

ለመሆኑ ይህ ትልቅ ቁጥር ይባላል?

እንደሚለካበት ነው። በሰከንድ አንድ እያልን ብንቆጥር ያለ እንቅልፍ 2 ቀን ከ5 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ይፈጃል፤ ይህም የሚሆነው ምላሳችን «መቶ ዘጠና ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሰባት»ን በአንድ ሰከንድ መጨረስ ከቻለ ነው፤ አይችልም። ለኮምፒውተር ግን 18 ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው፤ በዜሮና በአንድ ሲጻፍ 101111011100001001 ነው።

በዕድሜ ሲለካ ይበልጥ ይገባኛል። ሰባት ሰዎች፣ አንዱ ባረፈበት ቀን ሌላው እየተወለደ፣ እያንዳንዳቸው 76 ዓመት ቢኖሩ የሰባቱ ዕድሜ አንድ ላይ 194,313 ቀን ነው። ሰባት ሰው ብዙ አይደለም፤ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይቀመጣሉ።

በምን በምን ይካፈላል?

194,313 = 3 × 7 × 19 × 487 ነው። አራቱም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ አንዳቸውም አልተደገሙም። አራቱን እያጣመሩ ማባዛት የቁጥሩን አካፋዮች በሙሉ ይሰጣል፤ አሥራ ስድስት ናቸው፦ 1፣ 3፣ 7፣ 19፣ 21፣ 57፣ 133፣ 399፣ 487፣ 1,461፣ 3,409፣ 9,253፣ 10,227፣ 27,759፣ 64,771 እና ራሱ 194,313።

ማባዛቱን ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ወረቀት ሳያበላሽ በቃሉ ሊያደርገው ይችላል። 3 × 7 × 19 ማለት 399 ነው፤ ከ400 አንድ ብቻ ያነሰ። 487ን በ400 አባዝቶ 194,800 ካገኙ በኋላ አንድ 487 መቀነስ ነው። የቀረው 194,313 ነው።

ሳላካፍል በ3፣ በ7ና በ19 መካፈሉን እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

የ3 ፈተና ቀላል ነው፤ አኃዞቹን መደመር። 1 + 9 + 4 + 3 + 1 + 3 = 21፤ 21 ለ3 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል። ለ9 ግን አይካፈልም፤ 21 ለ9 አይካፈልምና። በነገራችን ላይ ድምሩ 21 ራሱ ከአካፋዮቹ አንዱ ነው፤ በአኃዞቹ ድምር የሚካፈል ቁጥር ሁልጊዜ አይገኝም።

ለ7 ቁጥሩን በኮማው ላይ ቆርጦ ትልቁን ሦስት አኃዝ ከትንሹ ጋር ማቀናነስ ነው፦ 313 − 194 = 119። 119 ደግሞ 7 × 17 ነው፤ አለፈ። ይህ ዘዴ የሚሠራው 1,001 = 7 × 11 × 13 ስለሆነ ነው፤ ስለዚህም በዚያው ልክ ቁጥሩ በ11ም በ13ም እንደማይካፈል እናውቃለን፤ 119 በሁለቱም አይካፈልምና።

የ19 ፈተናን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። የመጨረሻውን አኃዝ ቆርጦ፣ እጥፉን በቀረው ላይ መደመር፤ ከዚያ መደጋገም። 19,431 + 6 = 19,437። 1,943 + 14 = 1,957። 195 + 14 = 209። 20 + 18 = 38። 38 የ19 እጥፍ ነው። በፈተና ሰዓት ይህን ሲሠራ ያየሁት ልጅ ከንፈሩ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ነበር።

487 ብቸኛ ቁጥር መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

22 × 22 = 484፣ 23 × 23 = 529 ነው፤ 487 በመካከላቸው ነው። ስለዚህ 487 አካፋይ ቢኖረው ኖሮ ቢያንስ አንዱ ከ22 አይበልጥም ነበር። መሞከር ያለባቸው 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17 እና 19 ብቻ ናቸው። በቅደም ተከተል የሚቀሩት 1፣ 1፣ 2፣ 4፣ 3፣ 6፣ 11 እና 12 ናቸው። አንዱም ዜሮ አልሆነም።

ዙሩ ለምን 532 ዓመት ሆነ?

ሦስት ነገሮች በአንድነት እንዲመለሱ ስለሚፈለግ ነው፦ አራቱ የወንጌላውያን ዘመናት፣ ሰባቱ ዕለታትና የጨረቃ 19 ዓመት። አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው፤ ይህም 208 ሳምንት ከ5 ቀን ነው። ያ 5 ቀን ትርፍ ባይኖር ኖሮ ዕለቱ በየአራት ዓመቱ ይመለስ ነበር፤ አሁን ግን ሰባት ጊዜ አራት ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ፤ 28 ዓመት፣ ዐውደ ፀሐይ። ጨረቃ ደግሞ በ19 ዓመት 235 ጊዜ ትወለዳለች፤ በአቴናው ሜቶን ስም የሚጠራው ይህ ዙር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት ይታወቅ ነበር። 28 እና 19 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው አንዱ ሌላውን አያሳጥርለትም፤ 28 × 19 = 532።

«የጋራ አካፋይ የለም» የሚለው ሐረግ ተማሪ ጆሮ ላይ ያልፋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ምሳሌ እጨምራለሁ። የጨረቃው ዙር 19 መሆኑ ቀርቶ 21 ቢሆን ኖሮ ከ28 ጋር 7ን ይጋራ ነበር፤ ሁሉም ነገር በ84 ዓመት ውስጥ ይመለስና አያት ያየውን የልጅ ልጅ ያይ ነበር። ዙሩን እንዲህ ያስረዘመው የ19 ብቸኛነት ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ማስታወስ ለሚቸግረው እጁን ይዘርጋ። አውራ ጣት ሁለት አንጓ፣ የቀሩት አራቱ ሦስት ሦስት አንጓ አላቸው፤ በአንድ እጅ 14፣ በሁለት እጅ 28 ነው። የአንዱን እጅ 14 አንጓና አምስቱን ጥፍር ደምሩ፤ 19።

27,759 ሁለት ቦታ የሚመጣው ለምንድን ነው?

ይህን የጠየቀችኝ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ እስካሁን ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የምወደው ነው። ዐውደ ማኅተም፣ ማለትም 76 ዓመት፣ 27,759 ቀን አለው። ዐቢይ ቀመር ደግሞ 27,759 ሳምንት አለው። አንዱ በቀን፣ አንዱ በሳምንት፤ ቁጥሩ ግን አንድ። «መምህር፣ አንዱን ተሳስቻለሁ መሰለኝ» ብላ ነው ደብተሯን ያመጣችው።

አልተሳሳተችም። 532 ማለት 76 × 7 ነው። የ76 ዓመት ቀናትን በ7 ስናባዛ ዐቢይ ቀመርን እናገኛለን፤ ሳምንታቱን ለመቁጠር መልሰን በ7 ስናካፍል ወደ ተነሣንበት እንመለሳለን። ይህ ግጥምጥሞሽ አይደለም፤ ሊሆን የማይችለው ተቃራኒው ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ሰባት ሰዎችም የመጡት ከዚሁ ነው፦ የአንዱ ሰው ቀናት ቁጥር የሰባቱ ሳምንታት ቁጥር ነው።

ከአሥራ ስድስቱ አካፋዮች ብዙዎቹ እንዲህ የየራሳቸው ትርጉም አላቸው። 1,461 የአራት ዓመት ቀናት፣ 10,227 የ28 ዓመት ቀናት፣ 133 የጳጉሜን ስድስቶች ብዛት ነው። የ19 ዓመት ቀናት ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ 6,939 ከሦስት ሩብ ስለሚሆኑ ሙሉ ቁጥር አይወጣቸውም። ሩቡን ለማጥፋት በ4 ሲባዛ ነው 76 ዓመት የተገኘው። 3,409፣ 9,253ና 64,771 በዘመን አቆጣጠር ውስጥ ሥራ የላቸውም፤ ሥራ ፈልጌላቸው አጥቻለሁ።

ጥምቀት በ2017 ዓ.ም. በዋለበት ዕለት ተመልሶ የሚውለው መቼ ነው? ፋሲካስ?

ጥምቀት በጥር 11 የጸና ስለሆነ የሚጠበቅበት ዕለቱ ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፋሲለደስ መዋኛ ሕዝቡ የተሰበሰበው እሑድ ነበር። ጥር 11 እንደገና እሑድ የሚውለው በ2023 ዓ.ም. ነው፤ ነገር ግን 2017 ዘመነ ማቴዎስ ሲሆን 2023 ዘመነ ሉቃስ ነው። ዕለቱም ወንጌላዊውም አብረው እንዲመለሱ 28 ዓመት ይጠበቃል፤ 2045 ዓ.ም.። በእነዚያ 28 ዓመታት ውስጥ ጥምቀት በሰባቱም ዕለታት እኩል አራት አራት ጊዜ ይውላል።

ፋሲካ ጨረቃን ስለሚጨምር ሙሉው ዙር ያስፈልገዋል። የ2017ን ስሌት ላሳይ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ያለው ዓመት፣ 7517 ነው። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 12 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ፣ ማለትም ከጨረቃው 19 ዓመት ዙር ያለፉት ዓመታት፣ 11 ነው። 11 × 11 = 121፤ ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፉት አበቅቴው፣ ማለትም የፀሐይ ዓመት በጨረቃ ላይ ያተረፈው ቀን፣ 1 ነው። 11 × 19 = 209፤ በዚያው አገዳደፍ መጥቅዑ፣ ማለትም አበቅቴውን 30 የሚሞላው ቁጥር፣ 29 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ይሆናሉ፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ናቸውና። ከዚህ ተነሥቶ የወጣው የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን ፋሲካ የሚሆንባቸው ሌሎች ዓመታት በመካከል አሉ፤ ወንጌላዊው፣ አበቅቴውና ዕለታቱ በሙሉ ልክ እንደ 2017 የሚሆኑት ግን ከ194,313 ቀን በኋላ በ2549 ዓ.ም. ነው።

አሁን በስንተኛው ዐቢይ ቀመር ላይ ነን?

በ15ኛው። 14 × 532 = 7448 ዓመተ ዓለም ነው፤ ያም 1948 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ 15ኛው መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ገባ፤ የሚፈጸመው በ2480 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. አካባቢ ስለሆነ ከተማዋ ራሷ ገና አንድ ዐቢይ ቀመር አልሞላችም፤ ለመሙላት እስከ 2160 ዓ.ም. ድረስ መቆየት አለባት።

ካሬ ቁጥር ነው? ፍጹም ቁጥርስ?

ሁለቱንም አይደለም። 440 × 440 = 193,600፣ 441 × 441 = 194,481 ነው፤ የእኛ ቁጥር በመካከል ወድቋል። ፍጹም የሚባለው ደግሞ ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን የሚሰጡት ነው፤ እንደ 28፦ 1 + 2 + 4 + 7 + 14። የ194,313 አካፋዮች ሲደመሩ 118,007 ብቻ ናቸው፤ ጎደሎ ነው። ዐውደ ፀሐይ ፍጹም፣ ዐቢይ ቀመር ጎደሎ ሆኑ ማለት ነው፤ በዚህ ላይ ስብከት የሚሠራ ሰው እንዳይነሣ እሰጋለሁ።

ካሬ ባይሆንም የሁለት ካሬዎች ልዩነት ነው። 399 እና 487 በመካከላቸው 443 አለ፤ ከሁለቱም በ44 ይርቃል። ስለዚህ 443 × 443 ሲቀነስ 44 × 44 ማለት 196,249 − 1,936 = 194,313 ነው። ጎንደር ውስጥ «44» ያለ ሰው ወሬውን ማስቆም አይችልም። ወዲያውኑ አርባ አራቱ ታቦት ይነሣል፤ አንድ አባት እንዲያውም ቁጥሩ የከተማችን መሆኑን በማስረጃ አረጋገጥክልን ብለው መርቀውኛል። ምርቃቱን ተቀብያለሁ፤ ማስረጃውን ግን አልተቀበልኩም። አሥራ ስድስት አካፋይ ስምንት ጥንድ ይሆናል፤ ስምንቱም ጥንዶች የየራሳቸው የካሬ ልዩነት አላቸው። 21 እና 9,253ን ብንወስድ 4,637 እና 4,616 ይመጡ ነበር፤ ለእነዚያ ደግሞ ማንም ደብር አይቆጥርላቸውም።

ፀሐይና ጨረቃ በእርግጥ በ194,313 ቀን ይመለሳሉ?

ትንሽ ቀደም ብለው ነው የሚመለሱት። ባሕረ ሐሳብ ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ ያደርገዋል፤ ወቅቶች የሚመለሱበት ዓመት ግን 365.2422 ቀን ያህል ነው። ልዩነቱ በዓመት 11 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በ532 ዓመት ሲጠራቀም ከ4 ቀን ይበልጣል። ጨረቃ ደግሞ ከልደት እስከ ልደት በአማካይ 29.53059 ቀን ይወስድባታል፤ በዐቢይ ቀመር ውስጥ 6,580 ጊዜ ስትወለድ 194,311 ቀን ከሩብ ገደማ ይፈጅባታል። ቁጥሩን በ1.7 ቀን ያህል ቀድማዋለች።

ይህን ስናገር ቅር የሚለው ሰው አለ። ለእኔ ግን የስሌቱ ብቃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ያለ መነጽር፣ በሙሉ ቁጥርና በቀሪ ብቻ ተሠርቶ፣ ለጨረቃ በአምስት መቶ ዓመት ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም ስህተቱ። ሙሉ ቁጥር የሚመለሰው ለእኛ ነው፤ ሰማዩ በሙሉ ቁጥር አይቆጥርም።

ከ194,313 በታች ካሉት ቁጥሮች ስንቱ ከእርሱ ጋር የጋራ አካፋይ የላቸውም?

ይህን የሚጠይቁት ዩኒቨርሲቲ የገቡ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው። መልሱ 104,976 ነው። ከእያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ አንድ እየቀነሱ ማባዛት ነው፦ 2 × 6 × 18 × 486። የሚያስደንቀው 104,976 በትክክል 18 × 18 × 18 × 18 መሆኑ ነው።

ምክንያቱን ለማየት አራቱን ቁጥሮች መፍታት ይበቃል። 2 ማለት 2 × 1፣ 6 ማለት 2 × 3፣ 18 ማለት 2 × 9፣ 486 ማለት 2 × 243 ነው፤ 1፣ 3፣ 9ና 243 ሁሉም 3 በራሱ እየተባዛ የሚሰጣቸው ናቸው። አንድ ላይ አራት 2ና ስምንት 3 አሉ፤ በአራት እኩል ሲከፈሉ ለእያንዳንዱ አንድ 2ና ሁለት 3 ይደርሰዋል፤ 18። አራቱም አካፋዮች «2 ጊዜ የ3 ርቢ፣ ሲደመር 1» መሆናቸው ግን ምክንያት የለውም። 7 ከሳምንት፣ 19 ከጨረቃ፣ 3 እና 487 ከ1,461 መጡ፤ ሳይተዋወቁ አንድ ልብስ ለብሰው ተገናኙ።

የሁለት ካሬዎች ድምር ሊሆን ይችላል?

አይችልም፤ ጥያቄው ግን ወጥመድ አለበት። ለ4 ሲካፈል 3 የሚቀረው ቁጥር የሁለት ካሬዎች ድምር እንደማይሆን ተማሪዎች ያውቃሉ። 194,313 ለ4 ሲካፈል ግን 1 ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ «ይሆናል» ብለው ይጽፋሉ።

ፌርማ የጠቆመው፣ በኋላ ኦይለር ያረጋገጠው ሕግ ጠለቅ ያለ ነው፦ ለ4 ሲካፈል 3 የሚቀረው ብቸኛ አካፋይ ሁሉ በጥንድ መምጣት አለበት። የእኛዎቹ 3፣ 7፣ 19ና 487 አራቱም 3 ነው የሚቀራቸው፤ አራቱም ብቻቸውን ነው የመጡት። አንዱ እንኳ ይበቃ ነበር። አራቱም እንዲህ መሆናቸው ከላይ ካየነው ልብስ የመጣ ነው፤ የ3 ርቢ ሁልጊዜ ኢ-ተጋማሽ ስለሆነ እጥፉ ለ4 ሲካፈል 2 ይቀረዋል፤ አንድ ሲጨመርበት 3።

1 ለ194,313 ሲካፈል አስርዮሹ መደጋገም የሚጀምረው ከስንት አኃዝ በኋላ ነው?

ከ486 አኃዝ በኋላ። 1 ለ3 በየአንድ አኃዙ፣ 1 ለ7 በየ6ቱ፣ 1 ለ19 በየ18ቱ፣ 1 ለ487 በየ486ቱ ይደጋገማል። 1፣ 6ና 18 ሁሉም 486ን ያካፍላሉ፤ ስለዚህ ትልቁ ሁሉንም ይጠቀልላል።

487 ሌላ ያልተለመደ ጠባይ አለው። በወትሮው ብቸኛው ቁጥር በራሱ ሲባዛ የድግግሞሹ ርዝመትም በዚያው ቁጥር ይባዛል፤ 1 ለ7 በ6 አኃዝ፣ 1 ለ49 ግን በ42 አኃዝ ነው የሚደጋገመው። 487 ይህን አያደርግም፤ 1 ለ487ም፣ 1 ለ487 × 487ም ርዝመታቸው 486 ነው። 3ም እንዲሁ ነው፤ 1 ለ3 እና 1 ለ9 ሁለቱም በአንድ አኃዝ ይደጋገማሉ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች የተገኙት ሦስት ብቻ ናቸው፦ 3፣ 487 እና 56,598,313። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲባዙ 1,461 ይሆናሉ፤ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያለው የአራት ዓመት ቀን። ለዚህም ምክንያት አልተገኘለትም፤ አለው ብዬም አልጠብቅም።

አንድ ተማሪ 1ን ለ487 በእጁ ሊያካፍል ደብተር ይዞ ተቀመጠ። 0.002053388 ላይ ሲደርስ፣ ዘጠነኛው አኃዝ ላይ መሆኑ ነው፣ እየሮጠ መጣ። «መምህር፣ የቀረው 44 ነው!» አለኝ። ቀጥል፣ ከ1 እስከ 486 ያለው ቁጥር ሁሉ ቀሪ ሆኖ አንድ አንድ ጊዜ ተራው ይደርሰዋል፣ 43ም 45ም ይመጣሉ አልኩት። እርሳሱን ቀርጾ ተመለሰ።